የተከሳሽ ጠበቃ በተቀያየረ ቁጥር የግድያው ክስ የሚራዘመው እስከ መቼ ነው?

የመንዝ ልጅ (ጠያቂ)፦

ይህን ጥያቄ የማቀርበው የሕግ ዕውቀትና የችሎት ልምድ ላላችሁ ተሳታፊዎች ነው። ታላቅ ወንድሜ ከተገደለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ነገሩ በሰሜን ሸዋ ከደጋው እስከ ቆላው ብዙ ስለተወራበት፣ ዛሬም ገበያ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ፍርዱ ምን ደረሰ?» ይለኛል። ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ስለሆነ የሰዎቹንም ሆነ የችሎቱን ስም አልጠቅስም።

ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ተከሳሽ እስካሁን ሦስት ጠበቆች አቁሟል። የመጀመሪያው በክሱ ላይ መቃወሚያ አቀረበ፤ መቃወሚያው ውድቅ ሆኖ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ሊሰሙ በተቀጠረበት ዕለት ግን ተከሳሹ ውክልናውን ማንሳቱን ለችሎቱ ተናገረ። ሁለተኛው መዝገቡን ላንብብ ብሎ ጊዜ ተሰጠው፤ ሁለት ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ከደንበኛዬ ጋር መግባባት አልቻልኩም ብሎ አመልክቶ ተሰናበተ። አሁን የገባው ሦስተኛው ጠበቃም የመዝገቡን ግልባጭ ወስጄ ልዘጋጅ በማለቱ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ቀጠሮውም ከክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ጋር ስለገጠመ ወደ ጥቅምት ተሻገረ።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የአንድ ምስክራችን ነገር ነው። የወንድሜ ጎረቤት የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቀበሌያቸው እስከ መኪና መንገዱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ስላለ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው፣ ባናቸውን ደርበው፣ ቆሏቸውን ቋጥረው ይመጣሉ። ለሦስተኛ ጊዜ በመጡበት ዕለት ስማቸው ተጠርቶ «አቤት» ብለው ቆመው፣ ለመሐላ ቀኝ እጃቸውን ከባናው ውስጥ አውጥተው ሳለ ነበር አዲሱ ጠበቃ ተነሥቶ ጊዜ ይሰጠኝ ያለው። ዳኞቹና ጠበቃው ሲነጋገሩ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆዩ፤ መልሰው እንዲያስገቡት የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስንወጣ «አይዞሽ፣ ያየሁትን እንዳልረሳው ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ለራሴ እደግመዋለሁ» አሉኝ።

ተከሳሽ ጠበቃ የመቀያየር መብቱ ገደብ የለውም ወይ? ችሎቱስ በቃ ሊለው አይችልም? እኛ የሟች ቤተሰቦች ልናደርገው የምንችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የቀድሞው ተከላካይ፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በክልላችን ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዕድሜዬን ከተከሳሽ ወገን ቆሜ ስለኖርኩ፣ ከምናገረው ውስጥ የማይጥምዎት ቢኖር ይታገሡኝ።

ገደብ አለው፤ ገደቡ ግን እርስዎ በሚፈልጉት ቦታ ላይ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ለተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጠዋል፤ አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ ደግሞ መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ ያቆምለታል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 1 ክሱ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ እንዲሰማ ያዝዛል። ልብ ይበሉ፤ ሁለቱም የተጻፉት ለተከሳሹ ነው። በፍጥነት የመዳኘት መብት ለሟች ቤተሰብ በዚያ አንቀጽ ውስጥ አልተጻፈለትም፤ ይህ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 መሠረት ከባድ የሰው ግድያ የሚያስከትለው የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም የሞት ቅጣት ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት በሚጠብቀው መዝገብ ላይ አንድ ዳኛ ትናንት ውክልና የተቀበለውን ጠበቃ «መስቀለኛ ጥያቄህን ዛሬውኑ አቅርብ» ቢለው ያችን ዕለት አተረፈ እንጂ መዝገቡን አላተረፈም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተከሳሹ በአግባቡ ሳይከላከል ተፈርዶበታል ብሎ መዝገቡን የመለሰው እንደ ሆነ፣ እኒያ አባት ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነሣሉ፤ ያውም በሕይወት ካሉ።

አዲስ ጠበቃ ገባ ማለት ክርክሩ ከሀ ተጀመረ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 130 የሚቀርበው መቃወሚያ ጊዜው አልፏል፤ ያለቀ ነገር ነው። የተሰሙት ሁለት ምስክሮችም ተሰምተዋል። ጠበቃው እንደ ገና ይጠሩልኝ ብሎ ሊያመለክት ይችላል፤ ይሁን ወይም አይሁን የሚለው ግን የችሎቱ ውሳኔ ነው።

ሰዎች የማያውቁትን አንድ ነገር ልጨምር። «ከደንበኛዬ ጋር መግባባት አልቻልኩም» የሚለው ቃል በችሎት ሲነገር የጨዋ አነጋገር ነው፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ያለው ገንዘብ ነው። የተከሳሽ ቤተሰብ በሬ ሸጦ የመጀመሪያውን ክፍያ ይከፍላል፤ ቀጠሮው ሲደጋገም ቀሪው ይጠፋል፤ ጠበቃውም ይሄዳል። ሁሉም የጠበቃ ለውጥ ተንኮል አይደለም የምለው ስንቱን በዐይኔ ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው። ለዐቃቤ ሕጉ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር ቃላቸው በቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ከመጀመሩ በፊት ፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል በሚቀበልበት ሥርዓት፣ በፍርድ ቤት ተመዝግቦ እንደ ሆነ ይሁን። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 80 ለከባድ ግድያ የሚደረገው ቀዳሚ ምርመራ ጥቅሙ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ምስክሩ ቢሞት፣ ሊመጣ የማይችል ሕመምተኛ ቢሆን፣ ቢጠፋ ወይም ከአገር ቢወጣ በዚያ ጊዜ የሰጠው ቃል በአንቀጽ 144 መሠረት በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል። ማታ ማታ የሚያደርጉትን ነገር ደግሞ ይተዉት ዘንድ በትሕትና ይንገሩልኝ። እኔ የተከሳሹ ጠበቃ ብሆን የምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህንን ቃል ስንት ጊዜ አጥንተውታል?» የሚል ነበር። ሰው ያየውን ሲደጋግመው ወለም ዘለም ማለቱ ይቀርና እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርድለታል፤ ዳኛም እንዲህ የወረደ ምስክርነት ሲሰማ ይጠረጥራል። እናንተም ቃሉን አታስታውሷቸው፤ አታርሟቸውም።

ጡረተኛ የችሎት ጸሐፊ፦

የተከበሩት ጠበቃ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ነገሩን ከልክ በላይ አለዝበውታል። ለብዙ ዓመታት ከዳኞች ጎን ተቀምጬ ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁና፣ ገንዘብ ያለቀበትን ሰውና ቀን የሚገዛን ሰው ለመለየት ከባድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚለየው ዕለቱ ነው። ገንዘብ ያለቀበት ሰው ጠበቃው በማንኛውም ቀን ይቀርበታል፤ ቀን የሚገዛው ግን ምስክር በቆመበት ዕለት ነው ውክልና የሚያነሣው። እኅታችን እንደ ነገረችን የመጀመሪያው ለውጥ የተደረገው ምስክሮች ሊሰሙ በተቀጠሩበት ቀን ነው። ይህ ለእኔ በቂ ምልክት ነው።

ተከሳሹ ዋስትና ተከልክሎ ማረሚያ ቤት ስለሆነ መዘግየቱ የሚጎዳው ራሱን ነው የሚል ክርክርም ይሰማል። በሰነድ በሚወሰን መዝገብ እውነት ሊሆን ይችላል። ማስረጃው በሰው አንደበት ላይ ባለበት መዝገብ ግን ዓመት ባለፈ ቁጥር ምስክር ይሞታል፣ አገር ይለቃል፣ ይፈራል፣ ይሰለቻል፤ ወረቀት ሲቀመጥ እንደዚህ አይሆንም።

ችሎት ደግሞ እጁ የታሰረ አይደለም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 94 ቀጠሮ የሚለወጠው ለትክክለኛ ፍትሕ ሲያስፈልግ ነው፤ ስለዚህ የተጠየቀ ሁሉ አይፈቀድም። አብሬአቸው የሠራሁ አንድ ጠንካራ ዳኛ እንዲህ ያደርጉ ነበር፦ አዲሱ ጠበቃ ጊዜ ሲጠይቅ መዝገቡን ከፊታቸው አንሥተው ገጹን ይቆጥሩና «ይህን ለማንበብ ስንት ቀን ይበቃሃል?» ይሉታል። ጠበቃው በችሎት ፊት ሁለት ወር ለማለት ያፍራል። እርሳቸውም ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቀን ሰጥተው «የመጨረሻ ቀጠሮ ነው» የሚል ትእዛዝ ያጽፉኛል፤ በዚያ ቀን ጠበቃ ባይኖር የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መዝገቡን አንብቦ እንዲቀርብም ጎን ለጎን ያዝዛሉ። ያ ትእዛዝ ከተጻፈ በኋላ ጠበቃ የሚቀይር ተከሳሽ ብዙም አላየሁም። ስለዚህ እኅታችን ዐቃቤ ሕጉን «ለምን ተቀጠረ?» ብላ ከመውቀስ ይልቅ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህን ትእዛዝ እንዲያመለክት ብትጠይቀው ይሻላል።

የተረሳ ሰውም አለ፤ ሁለተኛው ተከሳሽ። እርሱ ጠበቃ ሳይቀይር በባልደረባው ምክንያት ታስሮ ይጠብቃል። የእርሱ ጠበቃ ተነሥቶ ደንበኛዬ በአጭር ጊዜ የመዳኘት መብቱ እየተጓደለ ነው ቢል፣ የሟች ቤተሰብ ከሚያሰማው ምሬት ይልቅ በዳኛው ጆሮ ይከብዳል።

ከባሕር ማዶ፦

በምኖርበት በአሜሪካ ብዙ የተወራለት አንድ ጉዳይ ስለነበር ለማነጻጸሪያ ባነሣው አይከፋም። በኢንዲያና ግዛት ዴልፋይ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2017 ሁለት ታዳጊ ሴት ልጆች ተገደሉ፤ ተጠርጣሪው የተያዘው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በኦክቶበር 2022 ነው። ክሱ በጃንዋሪ 2024 ሊሰማ ተቀጥሮ ሳለ፣ የወንጀሉ ሥፍራ ፎቶግራፎች ከአንደኛው ተከላካይ ጠበቃ ቢሮ ሾልከው በመውጣታቸው ሁለቱ ጠበቆች በኦክቶበር 2023 ከጉዳዩ ወጡ። ጠበቆቹ ተገድደን ነው የወጣነው አሉ፤ ዳኛዋ ሌሎች ጠበቆች መድባ ቀጠሮውን አራዘመች። ተከሳሹ ግን የፈለገው የቀድሞዎቹን ጠበቆቹን ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጃንዋሪ 2024 እነዚያኑ ጠበቆች መለሳቸው። ክሱ በመጨረሻ የተሰማው በኦክቶበር 2024 ነው፤ በኖቬምበር ጥፋተኛ ተብሎ በዲሴምበር የ130 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እዚያ የሆነው የእኅታችን ጉዳይ ተቃራኒ ነው፤ ተከሳሹ ጠበቆቼን አልለውጥም እያለ ክሱ ዘገየ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን እንደ እናንተው በየቀጠሮው ይመላለሱ ነበር። ጡረተኛው ጸሐፊ ስለ ጠንካራ ዳኛ ሲጽፉ ይህ ትዝ ስላለኝ ነው ያነሣሁት፤ ዳኛ በጠበቃ ምርጫ ላይ ሲጠነክር ልኩን ካለፈ ያው መዘግየት በሌላ በር ይገባል።

የአገር ሽማግሌ ልጅ፦

ስለ ሕጉ የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብሽ፣ እኅቴ። ቀጠሮው እንዲህ ሲጓተት በእኛ አገር ሽማግሌ መላክ የተለመደ ነው፤ ደም ይድረቅ፣ ካሳ ይከፈል፣ ታረቁ ይባላል። እርቁ መልካም ነው፤ ጎረምሶቻችሁ ጠመንጃ እንዳያነሡም ይረዳል። ነገር ግን የግድያ ክስ በእርቅ አይቋረጥም። ይህ ሳይገባቸው «ከታረቃችሁ በኋላ ምን ያስመሰክርሃል?» እየተባሉ ቃላቸውን የሚለውጡ ምስክሮች አሉ። እርቅ ከመጣ፣ ሽማግሌዎቹ በምስክሮች ጉዳይ እንደማይገቡ በአደባባይ እንዲናገሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አባቴ ለሽምግልና ሲቀመጥ ከሁሉ በፊት የሚያስነግረው ይህን ነበር።

የመንዝ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዐቃቤ ሕጉን አነጋግሬአለሁ። የሽማግሌው ቃል በቀዳሚ ምርመራ በፍርድ ቤት ተመዝግቧል፤ ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። የመጨረሻ ቀጠሮ እንዲባል አመለክታለሁ ብሎኛል። ለአባታችንም የጠበቃውን ምክር ነገርኳቸው፤ ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ማታ ማታ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

የቀረኝ አንድ ስጋት ነው። ከቀሩት ምስክሮች አንዷ ልጅ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርቷን ጨርሳለች። እርሷ ቃሏን የሰጠችው ለፖሊስ ብቻ ነው። ያ አይበቃም?

የቀድሞው ተከላካይ፦

አይበቃም። አንቀጽ 144 የሚናገረው በቀዳሚ ምርመራ በፍርድ ቤት ስለ ተሰጠ ቃል ነው። ለፖሊስ የተሰጠውን ቃል ችሎቱ በአንቀጽ 145 ሊመለከተው ይችላል፤ በአመዛኙ የሚያገለግለው ግን ምስክሯ ቀርባ የተለየ ነገር ስትናገር ተአማኒነቷን ለመፈተን ነው፤ እርሷን ተክቶ አይመሰክርም። የጉዞዋን ቀን ጠይቀው ነገ ጠዋት ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ይስጡት፤ እርሱም ከጥቅምቱ ቀጠሮ በፊት ለብቻዋ እንድትሰማ ያመልክት። አዲሱ ጠበቃ መዝገቡን አላነበብኩም ብሎ እንዳይቃወም፣ የማመልከቻው ግልባጭ በዚያው ዕለት እንዲደርሰው ይጠይቁ።