ጥቆማ፦ ለጀልባ ሞተር የዘይት ፊልትሮ ጎንደር ውስጥ ከየት ልግዛ?

የጎርጎራ ጀልባ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎርጎራ ላይ የምንሠራባት የብረት ጀልባ አለችን። ሞተሯ ከኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት አይደለም። ሆዷ ውስጥ የተገጠመ ፐርኪንስ 4.236 ናፍጣ ነው። ዘይት መቀየሪያዋ ደርሷል። አሮጌው ፊልትሮ ዝጎ ጽሑፉ አይነበብም። እንደ ጣሳ ሆኖ ተጠምዝዞ የሚገባው ነው። አዘዞ የትራክተር መለዋወጫ የሚሸጡት “ይኼው ነው፣ ይገጥማል” ብለው አንድ አሳዩኝ። ፒያሳ ደግሞ የሌላ ፋብሪካ አለ፣ ዋጋው ረከስ ይላል። ሦስተኛው “የጀልባ” ተብሎ የተጻፈበትን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። እሱ ውድ ነው፣ ይቆያልም። የሚያውቅ ሰው ይምከረኝ። መኪና ቢቆም ዳር ታስይዘዋለህ። መሃል ጣና ላይ ግን እንዲህ የለም። የምንጭነው ደግሞ ሰው ነው።

ማራኪ ሰፈር፦
ፒያሳ ሂድና መለዋወጫ ከሚሸጡት ሽማግሌ ግዛ። አባቴም ከእሳቸው ነበር የሚገዛው፣ እኔም ከእሳቸው ነው። ሌላ ቤት ረግጬ አላውቅም።

የጎርጎራ ጀልባ፦
አመሰግናለሁ። ለጀልባ ገዝተህ ታውቃለህ?

ማራኪ ሰፈር፦
የእኔ ሚኒባስ ነው። ግን እሳቸው ሰው አያታልሉም።

ጣና ዳር፦
ወንድሜ፣ ያንን ሞተር ሽጠህ አርባ ፈረስ ጉልበት ያማሃ ግጠም። ሁለት ስትሮኩን ማለቴ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል፣ የዘይት ፊልትሮ የሚባል ጣጣ የለበትም። ቢበላሽም ፈትተህ ተሸክመኸው ትወጣለህ።

ቆላ ድባ፦
ቤንዚኑን ከየት ሊያመጣው ነው? ሰልፉን አላየህም?

ጣና ዳር፦
ናፍጣስ ያለ ሰልፍ ይገኛል እንዴ?

አራዳ፦
ሰውየው ፊልትሮ ጠየቀ፣ እናንተ ሞተር ቀይር አላችሁት። ነገ ደግሞ ሐይቁን ቀይር ትሉታላችሁ።

የጯሂት ገበሬ፦
እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። የእኔ የመስኖ ፓምፕ ነው፣ ናፍጣ። ሱቁን ስሙን አልጠራም። ካርቶኑ የታወቀ ፋብሪካ ነው፣ ማኅተሙም ያምራል። ገጠምኩት፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሽንኩርቱን ማጠጣት ጀመርኩ። ዘወር ብዬ ቦዩን ሳስተካክል የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ስመለስ መሬቱ ጥቁር ሆኗል። ዘይቱ በፊልትሮው አፍ ተተፍቶ አልቋል። ወዲያው ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ሽንኩርቱ ደረቀ። ሱቁ ሄጄ ስጠይቅ “አገጣጠሙን ስላልቻልክበት ነው” ተባልኩ። ርካሽ አትግዛ! ጎንደር ያለው ሁሉ ፎርጅድ ነው።

ማራኪ ሰፈር፦
ሁሉ አትበል። ፒያሳ ነው የገዛኸው?

የጯሂት ገበሬ፦
የት እንደሆነ አልናገርም አልኩህ።

ማራኪ ሰፈር፦
ካልተናገርክ የሰው ስም አታጥፋ። የሽማግሌው ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ አይገባም።

የጯሂት ገበሬ፦
እኔ ስለ ሽማግሌው ምን ወጣኝ? ስለ ሞተሬ ነው የማወራው።

ሳሙና በር፦
እኔም ደርሶብኛል። የእኔ ግን የናፍጣው ፊልትሮ ነበር። ውኃ ጠጥቶ አስቸገረኝ።

አራዳ፦
እሱ የናፍጣ ነው። የተጠየቀው የዘይት ነው።

የአዘዞ መካኒክ፦
መጀመሪያ ለጯሂቱ ወንድሜ። ስላጣኸው ሁሉ አዝናለሁ፣ እግዜር ይተካልህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ አፉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ አብሮት ወጥቶ ነበር? ብዙ ጊዜ ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ላይ ይጠብቃል፣ ሁለት ጎማ ይሆናል። ሲነሣ ደህና ይመስላል። ግፊቱ ሲጨምር ግን ጎማው ይሾልክና ዘይቱን ይተፋዋል።

የጯሂት ገበሬ፦
ጎማውን አይቻለሁ። ዕቃው ነው።

የአዘዞ መካኒክ፦
እሺ፣ ዕቃውም ሊሆን ይችላል። አሁን ለጀልባው።

4.236 ማለት ብዙ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ያለው ሞተር ነው። መተማና ሁመራ ሰሊጥ የሚያርሱት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ የትራክተር መለዋወጫ ቤት መሄድህ ትክክል ነው። ግን “ይገጥማል” በሚል ቃል አትግዛ። ብዙ ፊልትሮ ይገጥማል፣ የሚሠራው ግን ሁሉም አይደለም። ቁጥሩን ጠይቅ። ተጠምዝዞ ለሚገባው የፐርኪንስ ቁጥር 2654403 ነው። ዶናልድሰን የሚባለው ፋብሪካ ከሆነ ፒ554403 ይላል። የመጨረሻዎቹን አምስት አኃዞች አስተያያቸው፣ አንድ ናቸው። 2654407 የሚባል ረዘም ያለም አለ። ጥርሱ ያው ነው፣ ከሥሩ ቦታ ካለህ ይገባል።

ከዚያ ካርቶኑን ትተህ አፉን እይ። መሃል ላይ ጥርስ ያለው ትልቅ ቀዳዳ አለ። ዙሪያውን ትናንሾቹ አሉ። በትናንሾቹ ውስጥ በቀጭን እንጨት ቀስ ብለህ ጫን። ከሥር ጎማ ካለ እሺ ብሎ ይገባል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ያ ጎማ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይፈስ ይይዛል። የጀልባ ሞተር ላይ ፊልትሮው አንዳንዴ በጎኑ ይገጠማል። ያኔ ይህ ጎማ ከሌለ በየጠዋቱ ስታስነሣው ለትንሽ ጊዜ ያለ ዘይት ይዞራል። ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ከሆነ ወይም ጨርሶ ባዶ ከሆነ አትግዛው፣ የማንም ሱቅ ይሁን።

“የጀልባ” የሚለው ጽሑፍ በአብዛኛው ቀለሙ ዝገት እንዲችል ተደርጎ ነው። ለባሕር ጨው ጥሩ ነው። የጣና ውኃ ጨው የለውም። ግን የጀልባ ሆድ ምንጊዜም እርጥብ ነው፣ የአንተም ዝጓል ብለሃል። በየጊዜው በጨርቅ ጥረገው። ዝገቱ ቆርቆሮውን ሳይበላው ቀይረው።

ስትገጥም የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀባው። በእጅህ አዙረህ ጎማው ሲነካ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ጨምር። በመፍቻ አታፍነው። የማጥፊያውን ገመድ ስበህ ይዘህ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙረው፣ የዘይቱ ጌጅ ሲነሣ ነው የምታስነሣው። ከዚያ አጥፍተህ፣ ዘይቱን ለክተህ ሙላ። የአሮጌውን ፊልትሮ ቆርቆሮ ደግሞ ቅደደውና ወረቀቱን ዘርግተህ ፀሐይ ላይ እየው። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ችግሩ ፊልትሮ አይደለም፣ ሞተሩ ራሱ እየተበላ ነው።

ጣና ዳር፦
ይህን ሁሉ ከማድረግ ያማሃ ይሻላል።

ዘጌ፦
ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣስ? የእኛ ጀልባ እንዲህ ሆኗል። እምቦጩ የውኃ መሳቢያውን ደፍኖት ሞተሩ ግሎ ነበር።

የአዘዞ መካኒክ፦
ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ፊልትሮ አያወጣውም። የዘይት ማቀዝቀዣው በሐይቁ ውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውስጡ ያለው ቱቦ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ከጋለ ደግሞ የራስጌው ጋስኬት ይፈተሽ። ሳታስጠግን እንዳታስነሣው፣ አደራ።

ዘጌ፦
እምቦጩን እንዴት ነው የምታርቁት? ወንፊት የገጠመ አለ?

ቆላ ድባ፦
ከመሳቢያው ፊት ወንፊት አለን። ቢሆንም በየጉዞው እናጸዳዋለን፣ ሥሩ ይጠላለፋል።

ማራኪ ሰፈር፦
ሽማግሌው ጋ 2654403 አለ። አሁን ደወልኩ።

አራዳ፦
ጎማውንስ ጠየቅህ?

ማራኪ ሰፈር፦
እሳቸው ካሉ አለ።

የጎርጎራ ጀልባ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የአዘዞውን ጋሼ። ዛሬ ሞተሩ ዘንድ ወርጄ አየሁት። ፊልትሮው ቀጥ ብሎ ነው የተንጠለጠለው። ከሥሩ እጄ በግድ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ረጅሙ አይሆንም። አሮጌውንም ቀድጄ ዘረጋሁት፣ ጥቁር ዝቃጭ እንጂ የሚያብለጨልጭ የለበትም። አሁን የቸገረኝ ዘይቱን ማውጣት ነው። የታችኛው ብሎን ከጀልባው ወለል ጋር ተጣብቋል፣ መፍቻ አያስገባም።

የአዘዞ መካኒክ፦
ከታች አትድከም። ሞተሩን ሞቅ አድርገህ አጥፋው፣ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተህ በእጅ ፓምፕ ሳበው። ፓምፕ ከሌለህ እኔ ጋ አለ። የተሳበውን ዘይት በጀሪካን ይዘኸው ውጣ፣ ሐይቁ ውስጥ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ።

ቆላ ድባ፦
ፓምፑን ለእኔም ብታውሰኝ። አዘዞ ቅዳሜ እመጣለሁ።