ደብረ ማርቆስ ያለውን የአባታችንን ቤት ከመሸጣችን በፊት ምን ብናድስ ይሻላል?

ጠያቂ (ከባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ከአባታችን የወረስነው ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት አለን፤ እኔና ሁለት እህቶቼ ልንሸጠው ተስማምተናል። ጣሪያው ዝጓል፣ ኮርኒሱ ውሃ አርፎበት ጠቋቁሯል፣ የውጭው የሲሚንቶ ልስንም ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ተራግፏል። ደላላው ቀለም ብትቀቡትና ሳሎኑን ሴራሚክ ብታስነጥፉ ዋጋው ይጨምራል ይላል፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ አንድ ብር እንዳይወጣበት ትላለች። ግንቦት እያለቀ ስለሆነ ክረምቱ ሳይገባ መወሰን አለብን።

መላሽ (ግንበኛ፣ ደብረ ማርቆስ)፦
ወንድሜ፣ ልስኑን የጣለው ጣሪያው አሸንዳ ስለሌለው ይመስለኛል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ እየነጠረ ግድግዳውን ከሥር ሲያርሰው ጭቃው ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል። በላዩ እንደገና ሲሚንቶ ብታስለስኑ በድካም ላይ ድካም ነው። መጀመሪያ የላሉትን ምስማሮች አስጠብቁ፣ የተበሱትን ቆርቆሮዎች ለውጡ፣ አሸንዳ አስገጥሙ፣ ለውሃው መሄጃ ቦይ አስቆፍሩ። በጤፍ ጭድ ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ መምረጉን ለጥቅምት አቆዩት፤ በክረምት የተመረገ ጭቃ በቶሎ አይደርቅም። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹንም መሬት በሚነኩበት በኩል በቢላ ወጋ አድርጋችሁ እዩ፤ ቢላው ዘልቆ ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። ሴራሚኩን ተዉት፤ እንኳን በጭቃ ቤት በብሎኬት ቤትም ገዢው የወደደውን ያስነጥፋል።

መላሽ (ከቡሬ)፦
በግንበኛው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ገዢው ማን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ቤቱ አስፋልት ዳር ከሆነ ሰው የሚከፍለው ለቦታው ነው፤ ጭቃውን አፍርሶ ለሚሠራ ገዢ ቆርቆሮ መለወጥ ከንቱ ወጪ ይሆንባችኋል። ለማንኛውም ገዢ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ነው። ካርታው እስካሁን በአባታችሁ ስም ከሆነ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቶ ስሙን ማዛወርና የተወዘፈ ግብር ካለ መክፈል ከቀለም ይቀድማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ስለሚደነግግ፣ የምታውቁትን ጉድለት እዚያው ውሉ ላይ አስፍሩት፤ አውቆ የገዛ ሰው ኋላ ተደብቆብኝ ነበር ለማለት ይቸገራል።

መላሽ (ከፍኖተ ሰላም)፦
እኔ በገዢ ወገን ሆኜ ልናገር። ሚያዝያ ላይ ቀለሙ ገና የሚሸት ቤት ገዝቼ፣ ነሐሴ ላይ ግድግዳው እንደ ቂጣ አበጠ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም ሳይ እሸሻለሁ። የጠቆረውን ኮርኒስ ሳትሸፍኑ የተጠገነውን ጣሪያ ብታሳዩኝ ግን አምናችኋለሁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ስለሆነ የሚገዛው ለመኖሪያ የሚፈልግ ሰው ይመስለናል። ቀለሙንና ሴራሚኩን ትተናል፤ ታናሽ እህቴም ስለ ወራሽነቱ ማስረጃ ሰኞ ወደ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ታላቅ እህቴ እስካሁን የፈቀደችው ለአሸንዳው ብቻ ነው፤ ስለ ቆርቆሮው ገና እየለመንናት ነው።