ምሳ ዕቃውና ጠባቡ ግቢ፦ በመዋዕለ ሕፃናት የልጆችን አመጋገብና እንቅስቃሴ እንዴት እናሻሽል?

ጥያቄ (የመዋዕለ ሕፃናት አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በግለሰብ መኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈተ አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት አስተባብራለሁ። ልጆቹ ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ሲሆኑ፣ ወጥ ቤት ስለሌለን ምሳና መክሰስ የሚመጣላቸው ከየቤታቸው ነው። ምሳ ዕቃዎቹ ሲከፈቱ በአብዛኛው የሚታየው ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም የተጠበሰ ድንች ነው፤ ለመክሰስ ደግሞ ብስኩት፣ ቺፕስና የታሸገ ጁስ ይመጣል። የተቀቀለ እንቁላል የያዘው ልጅ የጓደኛውን ብስኩት ሲያይ የራሱን ገፍቶ ያለቅሳል። ግቢው ኮብልስቶን የተነጠፈበት ከመሆኑም በላይ መኪና ስለሚቆምበት፣ ሞግዚቶቹ ልጆቹ ወድቀው እንዳይጎዱ በመስጋት ቴሌቪዥን ፊት ማስቀመጡን ይመርጣሉ። ወላጆችን ሳናስቀይምና ክፍያ ሳንጨምር ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ 1 (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

ከምሳው በፊት መክሰሱን ቢያስተካክሉ ይሻላል። ወላጆች ለብስኩትና ለጁስ የሚያወጡትን ገንዘብ ለተቋሙ ቢሰጡና ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት መክሰስ ቢቀርብለት፣ ለምሳሌ አንድ ቀን ሙዝ፣ አንድ ቀን የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ አንድ ቀን ዳቦ በእንቁላል፣ የጓደኛን ምግብ አይቶ ማልቀስ የሚባለው ነገር በአብዛኛው ይቀራል። የሚጠጣው ውኃ ይሁን።

ምሳን በተመለከተ ውድ ነገር መጠየቅ አያስፈልግም። የጤፍ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ከነጭ ሩዝ የተሻለ ነው፤ አጠገቡ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ሲኖር ደግሞ ሰውነት ከጥራጥሬው የሚያገኘው ብረት ይጨምራል። ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሻይ ግን ይህንኑ ስለሚቀንስ ቢቀር ይመረጣል። ቆሎና ያልተፈጨ ለውዝ ሊያንቋቸው ስለሚችል በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ፈጽሞ አይሰጥ።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ጉዳይ አበላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ስለተገኙ፣ ወላጅም ሞግዚትም «ልጁ አልበላም» ብለው መስጋታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ሆኖም ልጁ አፉን ዘግቶ ፊቱን ሲያዞር እየተከተሉ ማጉረስ፣ ወይም «ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለት፣ ጥጋቡን ራሱ እንዳያውቅ ያደርገዋል፤ ከረሜላውንም የሽልማት ምግብ ያደርገዋል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ትልቁ ሰው ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ለልጁ ይተው። አዲስ ምግብ እስኪለመድ እስከ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል፤ ሞግዚቷ አብራ ተቀምጣ ጎመኑን ስትበላ መታየቷ ከብዙ ምክር ይልቃል።

መልስ 2 (የሁለት ልጆች እናት)

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፓስታ የምንቋጥረው ስለማናውቅ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት የምትወጣ እናት የማይፈስና ሲቀዘቅዝም የሚበላ ነገር ትፈልጋለች። ስለዚህ ምሳ ዕቃ ውስጥ የማሳሰቢያ ወረቀት ከመላክ ይልቅ (እኔን አንድ ጊዜ እንደ ወቀሳ ተሰምቶኛል) የሳምንቱን ምሳ የሚጠቁም አጭር ዝርዝር እሑድ እሑድ በቴሌግራም ቢልኩልን እንዘጋጃለን። የምስር ፍርፍር፣ ዕንቁላል በዳቦ፣ ካሮት የገባበት ሩዝ፣ እነዚህ ሁሉ ለመያዝ የሚመቹ ናቸው።

የጾም ነገርም ሊነሳ ይገባል። በእኛ ተቋም አንዳንድ ወላጆች በዐቢይ ጾም ለ3 ዓመት ልጅ ወተትና እንቁላል ይከለክላሉ። በተለምዶ ልጅ ጾም የሚጀምረው 7 ዓመት ሲሞላው ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከወላጅ ጋር በአክብሮት መነጋገር ይቻላል። የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ መጠቆምም አይከፋም።

መልስ 3 (የቅድመ መደበኛ መምህርት)

እኔ ስለ ግቢው ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ያለባቸው ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ሩጫና ዝላይ መሆን አለበት። በስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ማታ ቤታቸው የሚያዩትም ከዚሁ ስለሚቆጠር፣ እናንተ ጋ ያለው ቴሌቪዥን ቢዘጋ ጥሩ ነው።

180 ደቂቃው በአንድ ጊዜ የሚሞላ ስላልሆነ ጠዋት፣ ከምሳ በፊትና ከእንቅልፍ በኋላ ይከፋፈል። መኪኖቹ ከበር ውጭ እንዲቆሙ ወላጆችን ይጠይቁ፤ ይህን ማንም እምቢ የሚል አይመስለኝም። ኮብልስቶኑ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ አንጥፈው፣ ያረጁ የመኪና ጎማዎችን በመደዳ ቢደረድሩ ልጆቹ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለሉ ይሻገራሉ። ባለ 3 ሊትር ጀሪካን ግማሹን ውኃ ሞልተው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው «ውኃ ቀጂ» እየተባባሉ ማመላለስ በእኛ ክፍል እጅግ የተወደደ ጨዋታ ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽና ድብብቆሽም አሉ፤ በክረምት ደግሞ ክፍል ውስጥ እስክስታ ይበቃል። ሞግዚቶቹን ግን «አስሩጧቸው» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይሠራም። ልጅ በጨዋታ ላይ ጉልበቱን ቢልጥ ጥፋቱ የእነሱ እንደማይሆን አስቀድመው ለወላጆችም ለሞግዚቶችም በግልጽ ይንገሩ፤ ቴሌቪዥኑን የሚያስከፍታቸው ይህ ፍርሃት ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመክሰሱን መዋጮ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አቀርባለሁ፤ መኪኖቹንም እንዲሁ። ለልደት የሚመጣው ኬክና ለስላሳ መጠጥስ እንዴት ይሁን?

መልስ 1 (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

አይከልክሉ። በወሩ የተወለዱትን ልጆች ልደት በአንድ ቀን ያክብሩ፤ ቁራሽ ኬክ ይበቃል፣ ለስላሳው ግን በውኃና በፍራፍሬ ይተካ።