ቤት ሆኖ ለሚሰራ ሰው የቱ ኢንተርኔት ይሻላል? (አዲስ አበባ ላላችሁ)

ሰሞኑን ሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ አይነት ስለሆነ እዚ ልዘርግፈውና እንገላገል። "ቤት ሆኜ ነው ምሰራው፣ ዙም ላይ እየተቆራረጠ ሰው ፊት አሳፈረኝ፣ የቱን ላስገባ?" ነው ነገሩ። እኛ ቤት ባልና ሚስት ሁለታችንም ከቤት ነው ምንሰራው፣ እህቴ ደሞ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ሳሎኑን ቢሮ አድርጋዋለች፣ ማታ ላይ ልጁ ዩቲዩብ ከፍቶ ይቀመጣል፣ ስለዚ አንድ መስመር ምን ያህል እንደሚችል በየቀኑ ነው ምናየው።

አጭር መልስ ለምትፈልጉ፦ ፋይበር ሰፈራችሁ ከደረሰ ፋይበር አስገቡ፣ ያውም መካከለኛውን ፓኬጅ። ትልቁን ፓኬጅ ልትገዙበት ያሰባችሁትን ብር ለሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) እና ለሌላኛው ኩባንያ ሲም አድርጉት። ፋይበር ከሌለ ደሞ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ቤታችሁ ውስጥ ለክታችሁ የተሻለውን 4ጂ ራውተር ላይ አድርጉ። በቃ ይሄው ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

ለምን መካከለኛ? ምክንያቱም ስብሰባ እንደምታስቡት ብዙ ፍጥነት አይበላም። ጥሩ ጥራት ያለው የቡድን ቪዲዮ ስብሰባ ለአንድ ሰው በሰከንድ 3 ሜጋቢት ቢያገኝ ይበቃዋል፣ ካሜራ አጥፍቶ ድምፅ ብቻ ከሆነማ ከ0.1 ሜጋቢት በታች ነው። ሶስት ሰው በአንዴ ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ 9 ነው፣ ዩቲዩብ ጨምሩበት፣ 15 ወይ 20 ሜጋቢት በትክክል ከገባላችሁ ተርፏችሁ ይቀራል። ቪዲዮ ኤዲት ምታደርጉና ትላልቅ ፋይል ምትልኩ ሰዎች እናንተ ሌላ ናችሁ፣ ትልቁን ውሰዱ። ሌላው ሰው ግን ሚሰቃየው በፍጥነት ማነስ ሳይሆን በመቆራረጥ ነው፣ እነዚ ደሞ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ልዩነቱን ለማየት የስፒድ ቴስት ቁጥር ላይ አትፍዘዙ። ዊንዶውስ ላይ ሲኤምዲ (ትዕዛዝ ሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍታችሁ ping 8.8.8.8 -t ብላችሁ ሰጥታችሁት ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፣ በተለይ ምሽት 2 ሰዓት አካባቢ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ። ታይም ሚለው ቁጥር (ምልክቱ ደርሶ ሚመለስበት ሚሊሰከንድ) እኩል እየሄደ ከሆነ ሰላም ነው፣ አንዴ 60 አንዴ 900 እያለ ሚዘል ከሆነ ወይ በመሀል "ሪኩዌስት ታይምድ አውት" ሚል ከሆነ ስፒድ ቴስቱ 50 ቢያሳያችሁም ስብሰባ ላይ ድምፃችሁ ሮቦት ነው ሚሆነው። ይሄንን መጀመሪያ በኬብል፣ ቀጥሎ በዋይፋይ ሞክሩት፣ በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ካበደ ጥፋቱ የኩባንያው ሳይሆን የቤታችሁ ግድግዳ ነው።

ወደ አማራጮቹ ስንመጣ፣ የቤት መስመር ሲባል አብዛኛው ሰው ኢትዮ ቴሌኮም ነው ያለው፣ እሱም ሁለት አይነት ነው፣ የድሮው የስልክ ሽቦ ላይ ሚመጣው ኤዲኤስኤልና ፋይበሩ። ሽቦው ላይ ያላችሁ ሰዎች ብትችሉ ቀይሩ። ኤዲኤስኤል ከሰፈሩ ሳጥን በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ መገጣጠሚያው ውሀ ሲገባበት ይንሿሿል፣ ከዛ በላይ ግን የመንገዱ ሳጥን ራሱ መብራት ይፈልጋል፣ የሰፈሩ መብራት ሄዶ የሳጥኑ ባትሪ ሲያልቅ እናንተ ጀነሬተር ቢኖራችሁም ኢንተርኔት የለም። ፋይበር ላይ ግን መንገድ ላይ ብርሃኑን ሚያካፍለው እቃ መብራት ሚባል ነገር አይፈልግም፣ ስለዚ ማዕከሉ እስከሰራ ድረስ እናንተ ቤት ያለችውን ትንሿን ሳጥንና ራውተሩን ብቻ በባትሪ ካቆያችሁ መብራት ጠፍቶም ስብሰባችሁ ይቀጥላል። ለኔ ፋይበር ሚያስመርጠው ይሄ ነው እንጂ ፍጥነቱ አይደለም።

የፋይበር ችግሩ መቆረጡ ነው። ኮሪደር ልማት ከተጀመረበት ከ2016 ወዲህ ቁፋሮ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ሰዎች ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ። ከተቆረጠ ደሞ የሰዓታት ጉዳይ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚ ፋይበር አለኝ ብሎ ብቻውን መተኛት የለም።

ለማስገባት ስትሄዱ ዝም ብላችሁ አትመዝገቡ፣ መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ። ብሎካችሁ ላይ ወይ ፖሉ ላይ ሳጥኑ ካለና ክፍት ቦታ ካለው ቶሎ ይገባላችኋል፣ ሳጥኑ ከሞላ ወይ ጭራሽ ከሌለ ግን ወረፋው ሌላ ታሪክ ነው። ቴክኒሺያኑ ሲመጣ ቡና አፍሉለትና አንድ ነገር ጠይቁት፣ "ብርሃኑ ስንት ገባ?" በሉት። መለኪያው ላይ ከዜሮ በታች ቁጥር ነው ሚያሳየው፣ -20 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ -27 ከተጠጋ ግን ዛሬ ቢሰራም ነገ መቆራረጥ ይጀምራል፣ እዛው እያለ እንደገና ይግጠመው። ከሄደ በኋላ መልሶ ማስመጣቱን ተዉት፣ አንዱ ኩባንያ (ስሙ ይቅር) ጠዋት እንመጣለን እያለ እኔን ከስራ ያስቀረባቸውን ቀናት ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ስራ የጀመረው መስከረም 2015 መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ሁለተኛ የሞባይል ኩባንያ ሚባል ነገር አልነበረንም፣ ስለዚ በዋጋ ባትጠቀሙበት እንኳ በመጠባበቂያነት ተጠቀሙበት። ለቤት ስትፈልጉት ሚፋይ (ሲም ሚገባበት የኪስ ዋይፋይ) ወይ 4ጂ ራውተር ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮምም በዚ በኩል አለው። እዚ ላይ "የቱ ይሻላል" ሚል ክርክር ሲነሳ አያለሁ፣ ክርክሩ ትርጉም የለውም፣ ምክንያቱም መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። አያት ላይ ሚበር ሲም ጀሞ ላይ ሊሞት ይችላል፣ አንድ ህንፃ ላይ እንኳ 4ኛ ፎቅና ምድር ቤት አንድ አይደለም። ሁለቱንም ሲም በትንሽ ፓኬጅ (ለኢትዮ ቴሌኮም *999#፣ ለሳፋሪኮም *777#) ሞክራችሁ ምሽት ላይ ለኩ፣ ቀን ጥሩ ሆኖ ማታ ሚወድቅ ከሆነ ታወሩ ሞልቷል ማለት ነው፣ ራውተር ብትቀይሩም አይድንም።

ራውተሩ ራሱ ላይ ደሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ወይ 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡና አርኤስአርፒ (RSRP፣ የታወሩ ምልክት ጉልበት) እና ሲንር (SINR፣ የምልክቱ ጥራት) ሚሉትን ፈልጉ። አርኤስአርፒ ከ-90 የተሻለ ከሆነ ጥሩ፣ ከ-110 ከባሰ በቃ ተስፋ የለውም። ሲንር ደሞ ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ወደ 0 ከወረደ ባሩ ሙሉ ቢያሳይም ይንተፋተፋል። ራውተሩን ከቲቪ ስር አውጥታችሁ መስኮት መስኮቱን እየዞራችሁ ቁጥሩን እዩ፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ወደ ሳሎን መስኮት ማዛወር ብቻ ቤቱን ሌላ ቤት ሲያደርገው አይቻለሁ። አንሊሚትድ ያልሆነ ፓኬጅ ከሆነ ደሞ የቡድን ቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋና ከዛ በላይ እንደሚበላ አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላለው ሰው የወሩ ሂሳብ ቀልድ አይደለም።

ዌብስፕሪክስን የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፣ እንደሱ ያሉ የግል አቅራቢዎችም የቤት ፋይበር ይሰጣሉ፣ ግን የሚደርሱበት ቦታ የተመረጠ ነው፣ ደውላችሁ ህንፃችሁን ንገሯቸው፣ ካለ አለ ከሌለ የለም። ስታርሊንክን በተመለከተ፣ ሰው ከኬንያ አምጥቼ ምናምን ሲል እሰማለሁ፣ እዚ ፈቃድ ወጥቶለት በይፋ ሲሸጥ እስካላየሁ ድረስ እኔ አልጠቁምም፣ ጉምሩክ ላይ ለሚቀር እቃ ያን ሁሉ ዶላር ማውጣት ምን አስጨነቀኝ።

አሁን ወደምወደው ነገር፣ ሚኒ ዩፒኤስ። ሰው ይሄን ሳይገዛ 50 ሜጋ ሲያስገባ ያናድደኛል። የኮምፒውተር ዩፒኤስ (ያ ሚጮኸው) ለራውተር አይመከርም፣ ባትሪውን ወደ 220 ከፍ አድርጎ መልሶ አዳፕተሩ ወደ 12 ሲያወርደው መንገድ ላይ ሚባክነው ይበዛል። ሚኒ ዩፒኤሱ ግን ቀጥታ 12 ቮልት ነው ሚያወጣው። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተራችሁንና የፋይበር ሳጥኑን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ፣ "አውትፑት 12 ቮልት 1 አምፔር" ሚል ነው አብዛኛው፣ 9 ቮልት ሚፈልግም ራውተር ግን አለ፣ እሱ ላይ 12 ብትሰኩ ደህና ሰንብት ነው። ሁለቱንም እቃ በአንዴ ሚይዝ ሁለት መውጫ ያለው ግዙ፣ ምክንያቱም ራውተሩ በርቶ የፋይበር ሳጥኑ ከጠፋ ዋይፋይ አለ ኢንተርኔት የለም።

ካርቶኑ ላይ 8800 ሚሊአምፔር ስላለ ቀኑን ሙሉ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሚቆጠር ነው፣ ወደ 32 ዋት ሰዓት ነው ሚሆነው። ራውተርና ሳጥን አንድ ላይ 10 ዋት ቢወስዱ ከብክነቱ ጋር 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ያውም ካርቶኑ ካልዋሸ። መርካቶም መገናኛም ታገኙታላችሁ፣ ግን አዳፕተራችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዛው ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ ዋናውን ገመድ ንቀሉት፣ ራውተሩ ሳይጠፋ ከቀጠለ ግዙ፣ አጥፍቶ ካበራ ተዉት፣ ምክንያቱም ሪስታርት አድርጎ እስኪነሳ ስብሰባው አልቋል።

ቤት ውስጥ ያለውን ቶሎ ልበለው። ዋይፋይ 5 እና 2.4 ጊጋኸርትዝ ሚባሉ ሁለት ሞገዶች አሉት፣ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ግድግዳ 5ቱን ይበላዋል፣ ራቅ ያለ ክፍል 2.4 ላይ ይሁን፣ እሱ ላይ ደሞ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ስለሚጋጭ ቻናሉን 1፣ 6 ወይ 11 ላይ አድርጉት። ርካሹን ሪፒተር (ዋይፋይ ተቀብሎ ሚያራዝም እቃ) አልመክርም፣ ፍጥነቱን በግማሽ ነው ሚያወርደው። ስብሰባ ሚበዛበት ሰው በኬብል ይቀመጥ፣ ጥቂት ሜትር ካት 6 ገመድና አራት ክሊፕ ነው። ሌላው የተደበቀ ጠላት አፕሎድ ነው፣ የስልኮቹ ፎቶ ባክአፕ ሲጀምር ወደ ላይ ሚሄደውን መስመር ይሞላውና ሁሉም ሰው ይንተፋተፋል፣ ማታ ተኝታችሁ እንዲሆን አድርጉት።

ሲጠፋ ደሞ ዝም ብላችሁ ሪስታርት አታድርጉ፣ መብራቶቹን እዩ። ፋይበር ሳጥኑ ላይ ሎስ ሚለው ቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ራሱ አልደረሰም፣ ወይ ውጪ ተቆርጧል ወይ ከጀርባ ያለችው ቀጭን ገመድ ሶፋ ስር ታጥፋለች፣ ገመዷን አይታችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉ። ፖን (PON) ሚለው የፋይበር መብራት አረንጓዴ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ ጉዳዩ ሂሳብ ወይ ሲስተም ነው። የሁለቱም ኩባንያ መስመር በአንዴ ከዘገየና የውጪ ሳይት ብቻ ከሆነ ሚያስቸግረው ደሞ የባህር ኬብል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ የካቲት 2016 ቀይ ባህር ላይ ኬብሎች እንደተቆረጡት አይነት፣ እኛ ወደብ ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል ነው ምንወጣው፣ እዛ ላይ ራውተር መንቀል ምንም አይፈይድም፣ ካሜራ አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ።

ተከራይ ለሆናችሁ፦ መስመሩ በአከራይ ስም ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ያልተከፈለ እዳ እንዳለው ጠይቁ፣ በራሳችሁ ስም ካስገባችሁ ደሞ ስትለቁ ዝውውር መጠየቅ አለ፣ አዲሱ ሰፈር ፋይበር ከሌለው ደሞ ዝውውሩም የለም። ቶሎ ቶሎ ቤት ምትቀይሩ ከሆነ 4ጂ ራውተር ይሻላችኋል፣ ነቅሎ ይዞ መሄድ ነው።

በጀት ለጠየቀችኝ እህት፣ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጊ፦ መጀመሪያ ያለሽን ራውተር ከጥግ አውጪና በኬብል ለኪ፣ ቀጥሎ ሚኒ ዩፒኤስ ግዢ፣ ቀጥሎ የሌላውን ኩባንያ ሲም ስልክሽ ላይ አድርገሽ ሆትስፖቱን ላፕቶፑ ላይ አስቀድመሽ አስመዝግቢው፣ ዋናው ሲጠፋ ፓስወርድ ስትፈልጊ እንዳትገኚ። ሲምም የዋን ኬብል (የቤቱ መስመር ሚገባበት) መሰኪያም ያለው ራውተር ካገኘሽ አንዱ ሲጠፋ እሱ ራሱ ወደ ሌላው ይቀይርልሻል፣ ግን ዋጋው ወደድ ይላል፣ ለአንድ ሰው ግዴታ አይደለም።