«ስፍን» ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከልጄ ጋር ፒያሳ አንድ አትክልት ቤት ገባን። እንጉዳዩ ከጎመኑና ከቃሪያው ጎን ተደርድሯል። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ተክል አይደለም፣ ስፍኑ ሌላ ነው» አለችኝ። ስለ እንጉዳዩ ገባኝ፣ «ስፍን» የሚለው ቃል ግን አልገባኝም። ሌላው ዓለም «መንግሥት» እያለ የሚጠራውን እኛ ለምን እንዲህ አልነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ናት። ስፍን ማለት ሳይንስ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ሲመድብ የሚጠቀምበት ትልቅ ክፍል ነው፣ እንስሳት አንድ፣ እጽዋት ሌላ። ቃሉም ደስ የሚል ቃል ነው። ሥሩ የግዕዙ «ሰፈነ» ነው፣ ገዛ ማለት፤ «መስፍን»ም «ዘመነ መሳፍንት»ም ከዚያው የወጡ ናቸው፣ ዛሬም «ሰላም ሰፈነ» እንላለን አይደል? የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1735 እ.ኤ.አ. ፍጥረትን ሲከፍል እንስሳት፣ እጽዋትና ማዕድናት ብሎ ሦስት አደረጋቸውና እያንዳንዱን በላቲን «ሬግኑም» አለው፣ መንግሥት እንደማለት። ድንጋዩም ሳይቀር መንግሥት ነበረው! አሁን «የእንስሳት መንግሥት» ብትዪ ግን ሰው ቶሎ የሚታየው ሚኒስትርና ቢሮ ነው። «ስፍን» የግዛትን ስሜት ይዞ ከዚያ ያድነናል። ከስፍን ሥር ያለው አነስ ያለው ክፍልም «ክፍለስፍን» ተባለ፣ ቤተሰቡ አልተበተነም።

እንጉዳይ ለረጅም ጊዜ ከእጽዋት ጋር ሲቆጠር ኖሯል። በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊታከር አምስት ስፍን ሲያደርገው ነው ፈንገስ (እንጉዳይ የሚገኝበት ወገን) የራሱን ቦታ በደንብ የያዘው፤ ሌሎቹ ሞኔራ (እንደ ባክቴሪያ ያሉ)፣ ፕሮቲስታ (እንደ አሜባ ያሉ)፣ እጽዋትና እንስሳት ናቸው። ፈንገስ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን አይሠራም። የሕዋሱ ግድግዳም የጥንዚዛ ቅርፊት ከተሠራበት ካይቲን ነው። በዝምድና ከጎመን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። (በጾም ለምትበሉት፦ ይሄ ስለ ዝምድና ነው እንጂ ስለ ጾም አይደለም፣ አትደንግጡ።) እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታም፣ የዳቦው እርሾም እዚያው ስፍን ውስጥ ናቸው። የአገሬ ሰው «የጅብ ጥላ» ያለው ደግሞ ቅርፁን አይቶ ነው። እኔ ይሄን ስም ከ«እንጉዳይ» አስበልጬ እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ከስፍን በላይ ያለውንስ ምን እንበለው? «ግዛት» የሚል አንብቤያለሁ።

መልስ፦ «ግዛት» አይመቸኝም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ዎዝ በ1977 እ.ኤ.አ. አርኬያ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቃን ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸውን አሳየ፣ በ1990 ደግሞ ከነባልደረቦቹ ከስፍን በላይ ሦስት ታላላቅ ክፍሎች አስቀመጠ፦ ባክቴሪያ፣ አርኬያና እኛ ያለንበት፣ ሕዋሱ ኒውክለስ (በሽፋን የተከለለ እምብርት) ያለው ወገን። በአማርኛ ግን ግዛት ከንጉሥ በታች ነው። «ጠቅላይ ግዛት» እያልን ያደግን ሰዎች ግዛት ከስፍን በላይ ነው ቢሉን ይገለበጥብናል። ታች «ክፍለስፍን» ካልን፣ ላይ «ላዕላይ ስፍን» ብንለው ምን ይላችኋል?