የልጅነት መከራና አልወርድ ያለው ሲአርፒ፦ ወንድሜን እንዴት ልርዳው?

ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ባለሙያዎች፣ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ገና 34 ዓመቱ ነው። ደም ግፊት ጀምሮታል፣ መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ እንቅልፍም የለውም። በሰውነት ውስጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ደጋግሞ ከፍ ይላል። ኢንፌክሽን ተፈልጎ አልተገኘም። ሐኪሙ «ጭንቀት ቀንስ» ብሎ ሸኘው።

ወንድሜ ያደገው ዘመድ ቤት ነው፤ እዚያ ብዙ ተደብድቧል። እኔ ከእናታችን ጋር ስለቀረሁ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ በ1972 እና 1973 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 1,000 ያህል ልጆችን የተከታተለ ጥናት አለ። በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው፣ በ32 ዓመታቸው ሲአርፒያቸው ከፍ ብሎ የመገኘት ዕድላቸው ካልደረሰባቸው ይልቅ ሰፊ ነበር። እንደገባኝ፣ ፍርሃት ሳያባራ ሲቀር ኮርቲሶል የሚባለው ብግነትን የሚገታ የጭንቀት ሆርሞን አብዝቶ ይመነጫል፤ ሲቆይ ግን የበሽታ መከላከያ ሴሎች ኮርቲሶሉን መስማት ያቆማሉ። ያኔ ብግነቱን የሚገታው ይጠፋና የደም ሥር ቀስ በቀስ ይጎዳል። በእርግጥ የተበደለ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ የወንድሜም መንስኤ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የልጅነቱን ታሪክ ለሐኪም መንገር በምርመራውና በሕክምናው ላይ ምን ይለውጣል? የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሐኪም ይቅደም ወይስ የሥነ አእምሮ? የሥነ ልቦና ሕክምና ጀምሮ ሕመሙ የቀለለለት ሰው አለ? ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ወሬውን ሳነሳ «ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ተነስቶ ይወጣል። ሳላስከፋው በምን ልጀምርለት?