ለመጠባበቂያው ገመድ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ሆነን ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው በገመድ ማውጣት እንለማመዳለን። ያለን እቃ ይህ ነው፦ ብዙ የማይለጠጥ 11 ሚሜ ገመድ ሁለት (እያንዳንዱ 60 ሜትር)፣ አንድ የፔትዝል አይዲ ኤስ (በእጀታ የሚሠራ የገመድ ማውረጃ)፣ አንድ ግሪግሪ (ገመድ በድንገት ሲሳብ የሚይዝ የተራራ ወጪዎች መሣሪያ)፣ ሁለት ስምንት ቁጥር (በቅርጹ የተሰየመ ማውረጃ)፣ 8 ሚሜ የፕሩሲክ ገመድ (በሌላ ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ሲሳብ የሚነክስ ቋጠሮ የሚታሰርበት)።

ዋናው ገመድ አያሳስበኝም። ጭነቱ ከ150 ኪሎ ስለሚያልፍ ከአይዲው የሚወጣውን ገመድ በተጨማሪ ካራቢነር (የሚከፈት የብረት ማያያዣ) አሳልፈን 180 ኪሎ አሸዋ በጆንያ አወረድን፤ እጀታው ሲለቀቅ ቀጥ ይላል። ስምንት ቁጥሩን የተውነው ገመዱን ስለሚያጠማዝዝና እጅ ከለቀቀው ስለማይዝ ነው።

ጣጣው ያለው መጠባበቂያው ላይ፣ ማለትም ዋናው ቢያመልጥ ጭነቱን በሚይዘው ሁለተኛው ገመድ ላይ ነው። ሁለት ፕሩሲክ አከታትለን አሰርን። ግማሽ መንገድ ላይ ፕሩሲኩን የያዘው ልጅ ገመድ መስጠት ትንሽ ሲዘገይ ቋጠሮው ነከሰ፤ ጭነቱ በሙሉ እዚያ ተንጠለጠለ። ለማላቀቅ በፑሊ መልሰን ወደ ላይ ጎተትነው፣ 20 ደቂቃ ፈጀ። ጆንያ ስለነበር ተሳሳቅን እንጂ ሰው ቢሆን ማን ይስቅ ነበር! ግሪግሪውን አልሞከርኩትም፤ የተሠራው ለአንድ ተራራ የሚወጣ ሰው እንጂ አዳኝና ተጎጂ አብረው ለሚንጠለጠሉበት ክብደት አይደለም።

የያዝነው ገንዘብ አንድ እቃ ቢገዛ ነው። በሁለት ገመድ የሠራችሁ ንገሩኝ፦ ሁለተኛ አይዲ ገዝተን ክብደቱን ለሁለቱም ገመዶች እናካፍል፣ ወይስ ፕሩሲኩን ሳንተው ከመልህቁ ጋር የሚያገናኘውን ጭነት እንዳለበት በሚፈታ ቋጠሮ እንሰር?